የመርፌው ቋንቋ፦ የጥልፍ ንድፍ ከመኪና ወደ መኪና ሲሸጋገር

ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነት፣ አሠራርና ምክንያት በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የዚህ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡት። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ያልታወቀው ነገር በታወቀው እየተመሰለ የተገለጠባቸውን ቦታዎች በደብተራችሁ መዝግቡ።

ምንባብ

በበዓል ቀን ከሚለበሱት የአገር ልብሶቻችን አንዱን ዘርግታችሁ ተመልከቱ። በቀሚሱ ደረት ላይ ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ የጥልፍ መስቀል ታያላችሁ። ይህ መስቀል ቀድሞ በእጅ ይጠለፍ ነበር፤ ዛሬም በእጅ የሚጠልፉ አሉ። የእጅ ጥልፍ ባለሙያ ንድፏን የምታኖረው በዐይኗና በጣቶቿ ነው። ስስ ሸማም ቢሰጧት፣ ወፍራም ጨርቅም ቢሰጧት፣ መርፌዋ ቢለወጥ፣ ክሯም ቢለወጥ መስቀሉን ከመጥለፍ የሚያግዳት የለም። ትናንት በአሮጌው መርፌ የጠለፈችውን ዛሬ በአዲሱ ትደግመዋለች።

በኮምፒዩተር በሚታዘዝ የጥልፍ መኪና ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዲት ባለሙያ አንድ ፋብሪካ በሠራው መኪና ብዙ ዓመት ሠርታ ሁለት መቶ ያህል ንድፎች አከማችታለች እንበል። መኪናው ሲያረጅ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን አዲስ መኪና ትገዛለች። ንድፎቿን የያዘውን ፍላሽ ዲስክ በአዲሱ መኪና ላይ ስትሰካው የመኪናው መስኮት ባዶ ሆኖ ይታያል። ንድፎቹ አልጠፉም፤ ዲስኩም አልተበላሸም። ይሁን እንጂ አዲሱ መኪና ንድፎቹ የተጻፉበትን ቋንቋ አያውቅም። የብዙ ዓመት ድካም በእጇ እያለ ልትጠቀምበት አልቻለችም።

ይህ ለምን ሆነ? ንድፉን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መተርጎምስ አይቻልም ወይ? ቢተረጎም ምን ይተርፋል? ምንስ ይጠፋል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ በመጀመሪያ መኪናው ራሱ ምን እንደሚያውቅ መመርመር ያስፈልጋል።

መኪናው የሚያውቀው

የጥልፍ መኪና መስቀል ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ አበባንም ከፊደል አይለይም። መርፌው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከላይ ወደ ታች መውረድና መልሶ መውጣት ብቻ ነው። ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው ጨርቁን ወጥሮ የያዘው ክፈፍ ነው። ስለዚህ ለመኪናው የሚሰጠው ትእዛዝ እጅግ አጭር ነው። «ክፈፉን ይህን ያህል ወደ ቀኝ፣ ይህን ያህል ወደ ላይ ውሰድና ውጋ» ይባላል። ከዚህ ሌላ ጥቂት ትእዛዞች አሉ፤ እነርሱም «ሳትወጋ ዝለል»፣ «ክር እስኪለወጥ ቁም»፣ «ክሩን ቁረጥ»፣ «ጨርስ» የሚሉት ናቸው።

አገሩን የማያውቅ እንግዳ «ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አምስት እርምጃ ወደ ፊት» እየተባለ ቢመራ ያለ ስሕተት ከሚፈለገው ቤት ይደርሳል። ቢሆንም የሰፈሩን ስም ብትጠይቁት አይነግራችሁም፤ መንገዱ ቢዘጋም ሌላ መንገድ ፈልጎ መሄድ አይችልም። የጥልፍ መኪናም እንደዚህ እንግዳ ነው። በሺሕ የሚቆጠሩ እርምጃዎችን አንድም ሳይስት ይራመዳል፤ የት እንደ ደረሰ ግን አያውቅም። ይህን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ ወደ ኋላ የምናየው ችግር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

ከቀዳዳ ወረቀት እስከ ኮምፒዩተር

ለመሣሪያ በምልክት ትእዛዝ መስጠት የተጀመረው ከኮምፒዩተር በፊት ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ማሪ ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 ቀዳዳ በተበሱ ካርዶች የሚታዘዝ የሽመና መሣሪያ ሠራ። በካርዱ ላይ ቀዳዳ መኖሩና አለመኖሩ የትኛው ድር እንደሚነሣ ይወስን ነበር። ጥልፍን በመሣሪያ የመሥራት ሐሳብም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። የሙሉዙ ተወላጅ ዦዙዌ ኤልማን እ.ኤ.አ. በ1828 ብዙ መርፌዎችን ባንድነት የሚያንቀሳቅስ የጥልፍ መሣሪያ ፈለሰፈ።

እ.ኤ.አ. በ1863 ደግሞ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ኢሳቅ ግረብሊ ባለሁለት ክር የጥልፍ መኪና ሠራ። መኪናው «ሺፍሊ» ተባለ፤ ይኸውም በዚያ አገር አነጋገር «ትንሽ ጀልባ» ማለት ነው። ስሙ የተገኘው የታችኛውን ክር ከሚያመላልሰው መወርወሪያ ነው። የሸማኔን መወርወሪያ ያየ ሰው ጀልባ መምሰሉን ወዲያው ይረዳል። በዚህ መኪና ፊት የሚቀመጠው ሠራተኛ በግድግዳ ላይ በትልቁ የተሣለውን ንድፍ በመከተያ ዘንግ ነጥብ በነጥብ ይከተል ነበር፤ ዘንጉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጨርቁ በአነስተኛ ልክ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1898 የግረብሊ ልጅ ዮሴፍ አርኖልድ የሠራተኛውን እጅ በቀዳዳ ወረቀት የሚተካ መኪና አበጀ። ከዚያ ወዲህ ንድፍ አዘጋጁ ወረቀቱን የሚበሳው ሰው ሆነ። የጥልፍ ንድፍ ማዘጋጀት በብዙ አገር እስከ ዛሬ «መብሳት» እየተባለ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት በረጅም ጥብጣብ ላይ የሚበሱ ቀዳዳዎች በኤሌክትሪክ የሚነበቡ ሆኑ። የጃፓኑን ታጂማን የመሰሉ ፋብሪካዎች ብዙ ራስ ያላቸውን መኪናዎች ለገበያ አቀረቡ። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ጥብጣብ ለራሱ መኪና በሚስማማው መንገድ ይበሳ ነበር። በዚያን ጊዜ አንዱ ከሌላው ጋር መስማማት አለበት ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ1980ዎቹ ኮምፒዩተር ወደ ጥልፍ ሥራ ሲገባ ጥብጣቡ ቀርቶ ፋይል ተተካ፤ የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ግን እንዳለ ወደ ፋይሉ ተላለፈ። በ1990ዎቹም የቤት ውስጥ ጥልፍ መኪናዎች ሲስፋፉ ጃኖሜ፣ ብራዘር፣ ፋፍ፣ ሁስክቫርና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፋይል ዓይነት ይዘው መጡ። የዛሬው መለያየት ከእነዚህ ሁለት ምንጮች የተገኘ ነው።

ንድፍን ወደ ስፌት መለወጥ

አንድን ሥዕል መኪና ወደሚያነበው ስፌት መለወጥ «ዲጂታይዝ ማድረግ» ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ፎቶግራፍ እንደ ማንሣት አድርጎ ይገምተዋል፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ባለሙያው ሥዕሉን በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን ክፍል በተራ ይመረምራል። ይህ ቀጭን መስመር ስለ ሆነ መርፌው መስመሩን እየተከተለ ይሂድበት ይላል። ይህ ጠባብ ክንድ ነው፤ ክሩ ከዳር እስከ ዳር ተኝቶ እንዲያበራ ሳቲን በሚባለው ስፌት ይሸፈን ይላል። ይህ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ረጅም ክር ቢተኛበት ስለሚላላ በአጫጭር ስፌቶች ረድፍ በረድፍ ይሞላ ይላል።

ከዚህ በኋላ የክሩን አቅጣጫ ይወስናል፤ ብርሃን በክር ላይ የሚያርፈው እንደ አተኛኘቱ ነውና። የረድፎቹንም መቀራረብ ይወስናል። በተለመደው የጥልፍ ክር የሳቲን ረድፎች ባብዛኛው 0.4 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። ጨርቁ እንዳይሸበሸብ አስቀድሞ የሥር ስፌት ያነጥፋል። ክር ሲጠብቅ ጨርቁን ወደ ውስጥ ስለሚስበው፣ ክብ ሆኖ የተሣለው ሞላላ ሆኖ እንዳይቀር፣ ክቡን በሚሳብበት በኩል ጥቂት ያሰፋዋል። በእጅ የተሸመነ ስስ ሸማ ከፋብሪካ ጨርቅ ይልቅ ስለሚሳብ የሥር ስፌቱም፣ ከሸማው በታች የሚነጠፈው ደጋፊ ጨርቅም ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ውሳኔ የባለሙያው ዕውቀት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ዓይነት ፋይል ማስቀመጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ውሳኔዎቹን ሁሉ የሚያስታውስ የምንጭ ፋይል ነው፤ «ይህ የመስቀሉ ቀኝ ክንድ ነው፤ ስፌቱ ሳቲን ነው፤ መራራቁ 0.4 ነው» እያለ ያኖራል። ሁለተኛው የስፌት ፋይል ነው። በዚህኛው ውስጥ ክንድ የለም፤ ሳቲንም የለም፤ ያለው የእርምጃዎች ተርታ ብቻ ነው። የምንጩ ፋይል እንደ ምግብ አሠራር መመሪያ ሲሆን የስፌቱ ፋይል እንደ ተጋገረ እንጀራ ነው። ከመመሪያው እንጀራ ይጋገራል፤ ከእንጀራው ግን ዱቄቱንና ውሃውን መልሶ መለየት አይቻልም። መኪናው የሚቀበለው እንጀራውን ነው።

አንድ ስፌት፣ ብዙ አጻጻፍ

አሁን ቋንቋዎቹን እንመልከት። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ታጂማ የጀመረውና ዛሬ በኢንዱስትሪ መኪናዎች ዘንድ እንደ መገናኛ ቋንቋ የሚያገለግለው «ዲ.ኤስ.ቲ.» ነው። ፋይሉ 512 ባይት በሚይዝ መግቢያ ይጀምራል። በመግቢያው ውስጥ የንድፉ ስም፣ የስፌቶቹ ብዛት፣ የክር ለውጦቹ ቁጥርና የንድፉ ስፋት ይጻፋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ስፌት በ3 ባይት ይከተላል። አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ በኢንተርኔት በተለመደው አጻጻፍ የሚይዘው ቦታም 3 ባይት ስለ ሆነ፣ አንድ ስፌት አንድ ፊደል ያህላል ማለት ነው። 10,000 ስፌት ያለው መስቀል እንግዲህ ከነመግቢያው ወደ 30,500 ባይት ይይዛል።

የእርምጃው አጻጻፍ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። መለኪያው የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ነው። ባለሁለት ሳሕን ሚዛን ያለውን ነጋዴ አስቡ። ነጋዴው 1፣ 3፣ 9፣ 27 እና 81 የሚመዝኑ አምስት ድንጋዮች ብቻ ቢኖሩት ከ1 እስከ 121 ያለውን ክብደት ሁሉ መመዘን ይችላል። ምክንያቱም ድንጋዮቹን በሁለቱም ሳሕን ላይ ማስቀመጥ ስለሚችል ነው። 50 የሚመዝን ዕቃ ቢመጣ 81ን በአንዱ ሳሕን፣ 27ን፣ 3ንና 1ን ከዕቃው ጋር በሌላው ሳሕን ያስቀምጣል፤ 50 ሲደመር 31 ከ81 ጋር ይስተካከላልና። ዲ.ኤስ.ቲ.ም 5 ሚሊሜትር የሚሄደውን እርምጃ የሚጽፈው ልክ እንዲህ ነው፤ 81 ሲቀነስ 27፣ ሲቀነስ 3፣ ሲቀነስ 1 ብሎ። ለእያንዳንዱ ድንጋይ አንድ የመደመርና አንድ የመቀነስ ቀዳዳ፣ ለአግድምና ለቁመት ለየብቻ ሲቆጠር 20 ቀዳዳ ይሆናል። በ3 ባይት ውስጥ ያሉት ቦታዎች 24 ናቸው፤ የመዝለልና የማቆም ምልክቶች በቀሩት 4 ቦታዎች ውስጥ ይገኛሉ። የአምስቱ ድንጋዮች ድምር 121 ስለ ሆነ አንድ እርምጃ በአንድ አቅጣጫ ከ12.1 ሚሊሜትር አይበልጥም።

የሜልኮ የሆነው «ኢ.ኤክስ.ፒ.» ግን መግቢያ የለውም፤ አንዱን ስፌት በ2 ባይት ይጽፋል፤ እርምጃውም እስከ 12.7 ሚሊሜትር ይደርሳል። የብራዘር «ፒ.ኢ.ኤስ.» ክሮቹን 64 ቀለማት ካሉት ዝርዝር በቁጥር እየጠራ ይመዘግባል፤ በመኪናው መስኮት ላይ የምትታይ ትንሽ ሥዕልም በውስጡ ይይዛል። የጃኖሜ «ጄ.ኢ.ኤፍ.» እንዲሁ ቀለማትን በቁጥር ይጠራል፤ ዝርዝሩ ግን የራሱ ነው። የሁስክቫርናና የፋፍ «ቪ.ፒ.3» ደግሞ የቀለሙን ቁጥር ትቶ ቀለሙን ራሱን ይጽፋል። የሚጠለፈው መስቀል አንድ ሆኖ ሳለ የሚጻፍበት መንገድ ይህን ያህል ይለያያል።

ሲተረጎም የሚጠፋው

ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው የሚለውጡ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ኢንክስኬፕ ከሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ጋር የሚሠራውና በነፃ የሚገኘው «ኢንክ/ስቲች» ነው። ለውጡ ራሱ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ነገር ግን ፈጣን መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። ማንኛውም ትርጉም የሚያስቀረው ነገር እንዳለው ሁሉ ይህም አለው። አራቱን ዋና ዋናዎች እንመልከት።

አንደኛው ቀለም ነው። በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ክር የሚጠለፍ መስቀል ወደ ዲ.ኤስ.ቲ. ቢለወጥ ሦስቱ ቀለማት አይጻፉም። የሚጻፉት ሁለት የማቆሚያ ምልክቶች ብቻ ናቸው። መኪናው ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ ምን ዓይነት ክር እንደሚቀጥል ግን አይናገርም። ያልተነገረው ሠራተኛ ቀዩን ከአረንጓዴው አስቀድሞ ቢያገባ መኪናው ያለ ተቃውሞ ይጠልፈዋል። በቁጥር የሚጠሩትም ቢሆኑ ያለ ጥንቃቄ ከተለወጡ ያሳስታሉ። በብራዘር ዝርዝር ቁጥር 1 ጥልቅ ሰማያዊ ሲሆን በጃኖሜ ዝርዝር ቁጥር 1 ጥቁር ነው።

ሁለተኛው የክር መቁረጥ ነው። በዲ.ኤስ.ቲ. ውስጥ «ቁረጥ» የሚል የራሱ ትእዛዝ የለም። መኪናው ተከታታይ ዝላዮችን ቆጥሮ ለምሳሌ ሦስት ሲሆኑ መቁረጥ እንዳለበት ይረዳል። የዝላዩን ቁጥር በሌላ መንገድ የሚተረጉም መኪና ሳይቆርጥ ያልፋል፤ በዚህም የተነሣ ከክንድ ወደ ክንድ የተዘረጉ ክሮች በመስቀሉ ላይ ይቀራሉ። እነርሱን በመቀስ መልቀም የሠራተኛዋ ዕዳ ይሆናል።

ሦስተኛው የእርምጃ ርዝመትና የክፈፍ ስፋት ነው። በኢ.ኤክስ.ፒ. አንድ ጊዜ የሚሄደው የ12.5 ሚሊሜትር እርምጃ በዲ.ኤስ.ቲ. አይገባም፤ ስለዚህ ለሁለት ይከፈላል። ክፍፍሉ ባልታሰበ ቦታ ከወደቀ በሚያበራው የሳቲን ክር መካከል አንድ የመርፌ ቀዳዳ ይታያል። ክፈፉም እንዲሁ ነው። በ130 በ180 ሚሊሜትር ክፈፍ ልክ የተዘጋጀ ንድፍ 100 በ100 ክፈፍ ብቻ ባለው መኪና ላይ፣ ቋንቋው ቢገጥም እንኳ፣ ሊጠለፍ አይችልም።

አራተኛውና ከባዱ ግን የቅርጹ ዕውቀት መጥፋት ነው። ባለሙያዋ በምንጭ ፋይል ፋንታ የስፌት ፋይል ብቻ ቀርቷት ቁመቱ 100 ሚሊሜትር የሆነውን መስቀል ወደ 150 ለማሳደግ ብትፈልግ ምን ይሆናል? እርምጃው ሁሉ በአንድ ተኩል ይባዛል። የረድፎቹ መራራቅ ከ0.4 ወደ 0.6 ሚሊሜትር ስለሚያድግ በክሮቹ መካከል ጨርቁ ይታያል። ወደ 50 ሚሊሜትር ብታሳንሰው ደግሞ መራራቁ 0.2 ይሆናል። ክር በክር ላይ ይደራረባል፤ ጥልፉ እንደ ሰሌዳ ይደርቃል፤ መርፌም ይሰበራል። የምንጩ ፋይል ቢኖር ኖሮ ኮምፒዩተሩ ቅርጹን አሳድጎ ረድፎቹን በ0.4 ልክ እንደ ገና ይቈጥራቸው ነበር። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከስፌቱ ተነሥተው ቅርጹን ለመገመት ይሞክራሉ፤ ግምት ግን ምንጊዜም ግምት ነው። ስለዚህ የስፌት ፋይልን ከዐሥር እስከ ሃያ በመቶ ከሚሆን በላይ አለማሳደግና አለማሳነስ በሙያው የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከላይ ከተገለጠው የምንማረው ሥርዓት ቀላል ነው። የምንጩን ፋይል ከሁሉ አስቀድማችሁ ጠብቁ፤ ለመኪናው የሚሰጠውን ፋይል በፈለጋችሁ ጊዜ ከምንጩ ታወጡታላችሁ። ምንጩም ቢሆን በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈት ከሆነ ኩባንያው ሲዘጋ አብሮ ሊዘጋ ይችላልና፣ የንድፉን ሥዕል ብዙ ፕሮግራሞች በሚያነቡት ዓይነትም አስቀምጡ። ፋይል የማይይዘውን በወረቀት ያዙ፤ የቀለማቱን ተራ፣ የክሩን ዓይነት፣ የጨርቁን ዓይነት፣ የንድፉን ልክ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከፋይሉ ጋር አኑሩ። የተለወጠ ፋይል በደንበኛ ልብስ ላይ ከመጠለፉ በፊት በቁራጭ ጨርቅ ይሞከር፤ ከሁለት ሜትር ሸማ ይልቅ አንድ ቁራጭ ቢበላሽ ይሻላልና። በመጨረሻም ንድፍ የሰው ድካም መሆኑን አትዘንጉ። ፋይልን መለወጥ መቻል ንድፉን የራስ አያደርገውም፤ ያዘጋጀው ሰው ሳይፈቅድ ለሌላ መሸጥ አይገባም።

ይህ ችግር ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች እንግዳ አይደለም። ፊደላችን መጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተር በገባበት ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ቃላቱ አልጠፉም፤ የሚያነባቸው ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ለእያንዳንዱ ፊደልም ሁሉም የሚስማማበት አንድ ቁጥር ተሰጠው። ዛሬ ከአዲስ አበባ የተላከ የአማርኛ መልእክት በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ያለ ችግር የሚነበበው በዚህ ስምምነት ነው። ነገር ግን በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ተጽፎ በወረቀት ሳይታተም የቀረ ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚያነበው ፈላጊ ነው።

ለጥልፍ እንዲህ ያለ አንድ መዝገብ የለም። ዲ.ኤስ.ቲ. የብዙዎች መገናኛ ሆኗል፤ እርሱም ቢሆን የሚያሻግረው እርምጃውን እንጂ ዕውቀቱን አይደለም። የዛሬው መኪና ነገ ያረጃል፤ የዛሬው ፋይልም ነገ የሚያነበው ሊያጣ ይችላል። የእጅ ባለሙያዋ መስቀሉን ለልጇ ስታስተምር የምታስተላልፈው ለምን በዚህ አቅጣጫ እንደሚጠለፍ፣ ለምን እዚህ ላይ እንደሚጠብቅና እዚያ ላይ እንደሚላላ ጭምር ነበር። በመኪና የሚጠልፍ ሰውም ከፋይሉ ጋር ይህን «ለምን» አብሮ ካላስተላለፈ፣ ለሚተካው ሰው የሚተርፈው አገሩን ሳያውቅ የሚራመድ የእንግዳው እርምጃ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄዎች

ሀ. በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. የስፌት ፋይል ከምንጭ ፋይል የሚለየው በምንድን ነው? በምንባቡ የተሰጠውን ምሳሌ ሳትጠቀሙ በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
2. ከአንድ እስከ አንድ መቶ ሃያ አንድ ያለውን ክብደት በአምስት ድንጋይ መመዘን የሚቻለው ለምንድን ነው? 20 የሚመዝነውን ዕቃ እንዴት ትመዝኑታላችሁ?
3. ባለሦስት ቀለም መስቀል በዲ.ኤስ.ቲ. ሲጻፍ የማቆሚያ ምልክቶቹ ሁለት ብቻ የሆኑት ስለ ምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ትርጉም ጻፉ፤ በየአንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።
መወርወሪያ፣ ክፈፍ፣ ሞላላ፣ ያዘናጋል፣ የሥር ስፌት

ሐ. «ይኸውም»፣ «በዚህም የተነሣ»፣ «ይሁን እንጂ» የሚሉትን አያያዦች ከምንባቡ ፈልጉ። እያንዳንዱ አያያዥ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሐሳቦች በምን ዓይነት ግንኙነት እንዳስተሳሰረ አመልክቱ።

መ. በአካባቢያችሁ ካሉት የእጅ ሙያዎች አንዱን ምረጡ። ባለሙያውን ጠይቃችሁ ሥራው እንዴት እንደሚከናወንና ለምን በዚያ መንገድ እንደሚከናወን የሚያስረዳ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።